ሁለተኛው ጫፍ

ጨንቻ፣ ኅዳር 8 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአገኘሽ
ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ

ከዛሬ ጀምሮ በጋሞ ምድር እንደ እኔ የሚጽፍ ሰው የለም። እሺ፣ መምህራን አሉ። ቄሱም አሉ። የቀበሌው ጸሐፊም አለ፣ የሱ ጽሕፈት ግን ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው። በማታ ትምህርት ክፍላችን ውስጥ ግን፣ በበሩ በኩል ካለው አግዳሚ ወንበር፣ ከልክነሽ ቀጥሎ አንደኛው እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። ፊደሉ ከተጣመመብሽ ጭጋጉ ነው፤ ጨንቻን ታውቂያታለሽ፣ እጅ ታደርቃለች።

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹ፣ እህትሽ፣ የፈትሉ ገበያ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። የቤቴ እመቤት ሰላም ብላሻለች፤ ከሹፌሩ ጋር ቆጮ ልካልሻለች። ሙዝ ብትመልሺ አንቀየምም።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል፤ ይቅርታሽን እጠይቃለሁ። ሹፌሩ አላደረሰልኝም ብዬ ልዋሽሽ ነበር፣ ሹፌሩ የአክስትሽ ልጅ መሆኑ ትዝ አለኝና ተውኩት። እውነቱን ለመናገር አንብቤ እስክጨርሰው ነው የዘገየሁት። አስተማሪያችን ኖላዊት፣ ያቺ ከዩኒቨርሲቲ የወጣችው ልጅ፣ «ጋሽ ኤርጫፎ፣ ላንብብልዎት?» አለችኝ። «ልጄ፣ የሰው ሚስት የጻፈችልኝን ላንቺ ላስነብብ?» አልኳት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። «በስልክ አትንገረኝ፣ በስልክ ሁሉን ነገር ሳቅ ታደርገዋለህ፤ ጻፈው» ያልሽው ለካ ለዚህ ነው።

እሺ፣ ይኸው ጻፍኩት። የባልሽን የበርናባስን ፊት አላየሁም። ያየሁት ጋቢውን ነው። ለሸማኔ ግን ጋቢ ከፊት ይበልጣል፤ ፊት ይከሳል፣ ጢም ያበቅላል፣ እጅ ግን ያው ነው። እኔና በርናባስ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ጎን ለጎን በተቆፈረ ጉድጓድ እግራችንን ሰደን ስንሸምን ነው የኖርነው። ባልሽ ጋቢ ሲጀምር ከግራ ጠርዝ አንዲት ቀይ ክር ያስገባና መሃል ሳትደርስ ይቆርጣታል። ሲጨርስም እንዲሁ። አባቱ ናቸው ያስተማሩት፣ ሌላ ሰው አያደርጋትም። ገዢ ልብ አይላትም። እኔ ግን ከሩቅ አያታለሁ።

በመስቀል ሰሞን ካምባ ገበያ ሸማ ልሸጥ ሄድኩ። አንዲት ሴት ከፊቴ ጎንበስ ብላ ድንች ትመርጣለች። የለበሰችው ጋቢ ገና ውሃ አልነካውም፣ ዛሬ ከሽመና እንጨቱ የወረደ ይመስላል። አንዱ ጫፍ ትከሻዋ ላይ ነው። ቀይዋ ክር እዚያ አለች! ዕቃዬን ለጎረቤት አደራ ብዬ ዞር ስል ሴትዮዋን ሰዉ ውጧታል።

አስቢው። በርናባስ ከሄደ ሁለት ክረምት አልፏል። የተሳፈረበት አይሱዙ ወንዝ ገባ ሲባል፣ ሬሳው ሲጠፋ፣ አንቺም እኔም አልቅሰናል። ከመሄዱ በፊት የሠራው ሁሉ ያኔውኑ ተሸጧል። እንጨቱ ላይ ጥሎት የሄደው አንድ ግማሽ የደረሰ ጋቢ ነበር፤ እሱንም እኔ ጨርሼ፣ ለካምባ ነጋዴ ሰጥቼ፣ ዋጋውን በእጅሽ አስረክቤሻለሁ። (አንቺ ብትረሺው እኔ አስታውስሻለሁ።) ታዲያ አዲስ ጋቢ ካለ በቅርቡ የሸመነው ሰው አለ ማለት ነው። ባልሽ አልሞተም። ካምባ ጉድጓድ ቆፍሮ ይሸምናል። ይህን ለመረዳት የማታ ትምህርትም አያስፈልግም።

ዱቡሻ ላይ፣ በሽማግሌዎቹ ሸንጎ ፊት፣ ትደግመዋለህ ወይ ላልሽው፣ እደግመዋለሁ። ጮክ ብዬ።

ወንድምሽ ኤርጫፎ

—

አርባ ምንጭ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤርጫፎ

ሰላምታዬ ይድረስህ። ቆጮው ደርሶኛል፣ ሙዙን ሹፌሩ መንገድ ላይ ካልበላው ይደርስሃል። ጽሕፈትህ ይነበባል። ስለ ጭጋጉ ያልከውን እህቴ አላመነችህም።

ወንድሜ ጌታነህ ካምባ ደርሶ ተመልሷል። ሸማኔ ያለበትን ቤት ሁሉ አዳርሷል። «በርናባስ የሚባል ሸማኔ አናውቅም» ነው ያሉት። አንዱ ሽማግሌ «ጥሩ ሸማኔ ቢሆን እንሰማ ነበር» አለው። አንተ ግን ገበያ ላይ አየሁ ትላለህ። ጌታነህ ያንተን ቃል ይዞ ስለሄደ ሲመለስ ከድካሙ ይልቅ እፍረቱ ነው የከበደው።

ፈቃደን ታውቀዋለህ፣ አናጺው፣ ሚስቱ የሞተችበት። ሽማግሌ ልኳል። የማይቸኩል ሰው ነው። «ለቅሶሽን ሽማግሌዎች ይቁረጡልሽ፣ ያን ጊዜ መልስ ስጪኝ» ነው ያለኝ። ከጥምቀት በኋላ ዱቡሻ ሲቀመጡ የሚጠይቁት አንተን ነው። በርናባስ ሞቷል ካሉ ሐዘኔን ጨርሼ ፈቃደን አገባለሁ። አለ ካልክ እጠብቃለሁ። በሕይወት ያለ ባሌ ላይ ሌላ አላገባም፣ ይህን አንተም ታውቃለህ። ልጅ አይደለሁም ጋሼ። ፈቃደም ዘላለም አይቆምም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ያወቅኸውን ተናገር። ያላወቅኸውን አላውቅም በል። አላውቅም ማለት አንተን አያሳንስህም፣ እኔ አላሳንስህም።

አገኘሽ

—

ጨንቻ፣ የካቲት 2 ቀን 2004 ዓ.ም.

አገኘሽ እህቴ፣

የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ እንኳን አደረሰሽ ማለት ያሳፍራል፣ እኔ ግን አላፍርም፤ እንኳን አደረሰሽ። ውሳኔውን ጌታነህ ነግሮሻል። ጌታነህ ግን ወሬ ሲያወራ ጨው አይነካውም፣ ስለዚህ እኔ ልንገርሽ።

ሜዳው ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ በየድንጋያቸው ተቀምጠዋል። አባ አበጋዝ እርጥብ ሣር ይዘው ተነሡ። «እዚህ ቦታ የሚዋሽ ሰው የጎሜ እርግማን ይገባበታል። ጎሜው በእሱ ብቻ አያበቃም፤ ገብሳችንንም፣ ከብታችንንም፣ ልጆቻችንንም ይነካል» አሉ። እኔ እንደሆንኩ ሰው ሲበዛ ደስ ይለኛል። ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።

የካምባውን አንድ በአንድ ተናገርኩ። አባ አበጋዝ ግን፣ ታውቂያቸዋለሽ፣ ቶሎ የሚዋጥላቸው ነገር የለም።

«ኤርጫፎ፣ ጋቢ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። አዲስ መሰለ ማለት አዲስ ነው ማለት አይደለም» አሉኝ።

«አባ፣ በርናባስ የሠራው ሁሉ እሱ ሳይሄድ ነው የተሸጠው። በዓል አልፎ በዓል መጥቶበታል፤ እንኳን ጋቢው ሣጥኑም አርጅቷል» አልኳቸው። ሰው ሳቀ።

እሳቸው አልሳቁም። «እንጨቱ ላይ የቀረውስ? የጨረስከው አንተ አይደለህም? ያየኸው ያ እንዳይሆን በምን ታውቃለህ?»

ሜዳው ጸጥ አለ፣ አገኘሽ። ጌታነህ እንኳ ቀና አለ።

«ያኛው ቀይ ክር ያለው በአንድ ጫፉ ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ቀይ አላስገባሁም። ካምባ ያየሁት በሁለቱም ጫፍ አለው። በእነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ» አልኳቸው።

አባ አበጋዝ ሣሩን መሬት አስቀመጡ። «እንግዲህ የሚያውቅ ሰው ተናግሯል» አሉ። በቃ። ለቅሶው አይቆረጥም፣ በርናባስ በሕይወት አለ፣ ሚስቱ ሚስቱ ናት ተባለ። ስወጣ ሰዉ ትከሻዬን እየመታ «አንተ ባትኖር በቁሙ ቀብረነው ነበር» ይለኛል።

ደስ ይበልሽ። ፈቃደ ጥሩ ሰው ነው፣ አልካድኩም። ጥሩ ሰው ሌላም ሴት ያገኛል።

ዝም ያልሽኝ ስለ ተቆጣሽ ከሆነ ጻፊልኝ። ስድብም ቢሆን አነበዋለሁ፤ አሁን በደንብ አነባለሁ።

ኤርጫፎ

—

አርባ ምንጭ፣ ግንቦት 11 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤርጫፎ

መጻጻፍ ካቆምን ሁለት ዓመት አልፎናል። ያኔ ያልመለስኩልህ ተቆጥቼ አልነበረም። የምጽፈው አጥቼ ነው። እየጠበቅሁ ነው ተብሎ ስንት ጊዜ ይጻፋል?

የበርናባስን መገኘት ሰምተሃል፤ እህል ሊጭን የሄደ ሰው ፊቱን ለይቶት ነው። ጨንቻ ሁሉ ሰምቷል። ያልሰማኸውን ግን እኔ ነኝ የምነግርህ፣ ሄጄ አይቼዋለሁና።

ካምባ ነው። ከገበያው በላይ ካለ የእህል መጋዘን በር ላይ ዘበኛ ነው። ሚስት አለችው፣ ትንሽ ሴት ልጅም አለችው፣ አፍንጫዋ የሱ ነው። ያኔ ወንዙ ጋ ሳይደርስ ከአይሱዙው ወርዶ ነበር፣ ድንጋይ ለሚፈልጡ ሰዎች ቀን ሥራ ሊሠራ። የሠራው አንድ ሳምንት እንኳ አይሞላም። ድንጋዩ ቀኝ እጁን ጨፈለቀው። ጣቶቹ አሉ፣ ግን አይታጠፉም። «ሸማኔ ሆኜ ወጥቼ እንዲህ ሆኜ ልመለስ?» ነው ያለኝ። ሞተ መባሉን ሰምቶ ዝም አለ። አልሰደብኩትም። ሰደብኩት ብልህ ደስ ይልህ ነበር።

«ማን ነገረሽ እዚህ መሆኔን?» አለኝ። «መጀመሪያ ያወቀው ኤርጫፎ ነው፤ ጋቢህን አይቶ» አልኩት። አንተን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ናፍቆህ ነው የሳቀው። ከዚያ እጁን አየ። «የምን ጋቢ?» አለኝ። «ከጨንቻ ከወጣሁ ጉድጓድ ውስጥ እግሬን አልሰደድኩም። ኤርጫፎ የኔን ጋቢ ሊያይ አይችልም።»

ጋሼ፣ ጌታነህ ያኔ በዚያ መጋዘን በር አልፏል። ራሱ ነው ያስታወሰው። በሩ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተቀመጠ ዘበኛ ነበር። «ሸማኔ በርናባስን ታውቃለህ?» ብሎ ጠይቆታል። ሰውየው ሳይገለጥ ራሱን ነቀነቀ፣ አላውቅም ብሎ። ሸማኔ ብለን ስንፈልግ ዘበኛውን አለፍነው። ያንተ ቃል ወደ ካምባ ወሰደን፣ ያንተ ቃል ራሱ አሳለፈን።

ፈቃደ አምና ሳውላ ሄዶ አገባ። ለሠርጋችን ብሎ የጀመረው ሣጥን እኔ ቤት ነው፣ ክዳን የለውም። ክዳኑን ልሥራልሽ ሲለኝ ተወው አልኩት።

ጨንቻ ውስጥ «ዐዋቂው» እንደሚሉህ ሰማሁ። ደስ ይበልህ። እኔ ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ምን ነበር ያየኸው? በስልክ አትንገረኝ።

አገኘሽ

—

ጨንቻ፣ ሰኔ 3 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለአገኘሽ

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ስለ በርናባስ እጅ ሳነብ አለቀስኩ፤ ይህን ለማንም አልናገርም፣ አንቺም አትናገሪ። እንደዚያ ያለ እጅ!

ለጥያቄሽ ግን እስቲ በእርጋታ እንነጋገር። እኔ ዱቡሻ ላይ ምን አልኩ? በርናባስ አለ አልኩ። አለ። ካምባ ነው አልኩ። ካምባ ነው። የት ላይ ነው ስህተቴ? ሌሎቹ ሞቷል ሲሉ የተሳሳቱት እነሱ፣ የምጠየቀው እኔ! እውነት ተናግሬ ይቅርታ የምጠይቅ የመጀመሪያው የጋሞ ሰው ልሆን ነው።

እርግጥ ጋቢው የቅርብ ሥራው ላይሆን ይችላል። እሺ። ሰው ከሳውላ ተነሥቶ በተሳሳተ መንገድ አርባ ምንጭ ቢገባ፣ ገብቷል አይደለም? ውሃውን ጠጥቷል፣ ዓሣውንም በልቷል።

ይህን ለኖላዊት አጫወትኳት፣ ስምሽን ሳልጠራ። አልሳቀችም። ይልቅ የድሮ ቁስሌን ነካችብኝ። አንቺም ሰምተሽው አታውቂም። ክፍል በገባን ሰሞን የመማሪያው ገጽ ላይ የዶሮ ሥዕል፣ ከሥሩ ጽሑፍ ነበር። «ያንብቡ ጋሽ ኤርጫፎ» አለችኝ። እኔ ደረቴን ነፍቼ «ዶሮ!» አልኩ። ዶሮ ነበር የሚለው። ትክክል! ከዚያ ያቺ ልጅ በመዳፏ ሥዕሉን ሸፈነችው። «አሁን ያንብቡ» አለች። ፊደሉ ዓይኔ ላይ ጉንዳን ሆነ። ልክነሽ አፏን በነጠላ ይዛ ትንፈቀፈቃለች። «ቃሉ ትክክል ነው፤ ያነበቡት ግን እርስዎ አይደሉም» አለችኝ። አሁንም ያንኑ ደገመችልኝ። ምን አገናኘው? ዶሮ ዶሮ ነው።

ለማንኛውም ሰው አክብሮኛል። አባ አበጋዝ ለምስክርነት ጉዳይ ከአጠገባቸው እንድቀመጥ ጠይቀውኛል። ሻሺቱ ደግሞ፣ ልጇ ደቡብ አፍሪካ ብሎ በሞያሌ ወጥቶ ድምፁ የጠፋባት፣ ትላንት ሸሚዙን ይዛ መጣች። «አንተ ታውቃለህ፤ አለ ወይስ የለም? አለ ካልከኝ ለቅሶ አልቀመጥም፣ ሰው የነገረኝን ሁሉ እረሳዋለሁ» አለችኝ። ሸሚዙን አገላበጥኩት። ሰኞ እነግርሻለሁ አልኳት።

ተቆጥተሽ ከሆነ ተቆጪ። ግን ጻፊ።

ኤርጫፎ

—

ጨንቻ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአገኘሽ

እህቴ ብዬ መጻፌን ካልወደድሽው አጥፊው፤ ቦታው ላይ ሌላ ቃል አላገኘሁም።

ደብዳቤሽ አጭር ነው። ብዙ ጊዜ አነበብኩት፣ ሥዕል የለውምና እያየሁ የምገምትበት ነገር አጣሁ። ሻሺቱን እንደ እኔ አታስቀምጣት ብለሻል። ከሥሩ አንድ ጥያቄ አለ። እሱን መጨረሻ ላይ እመልሳለሁ። ፈርቼ ነው፤ ሌላውን ስጽፍ ድፍረቱ ይመጣል ብዬ ነው።

ለሻሺቱ ሰኞ ዕለት «አላውቅም» አልኳት። እንዲህ ያለ አጭር ቃል እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም። «ለአገኘሽ ስታውቅ ለእኔ ስትሆን አታውቅም? ምን በደልኩህ?» አለችኝና ሸሚዙን ከእጄ ነጠቀች። እስከ ዛሬ ሰላምታዬን አትመልስም። ልጇ ይኑር አይኑር እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። አለ ብያት ቢኖር ኖሮ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ሳላውቅ ዐዋቂ እባል ነበር።

ከዚያ ካምባ ሄድኩ። ጋቢውን የሰጠሁት ነጋዴ አሁንም ገበያው ውስጥ አለ፤ ለማን እንደሸጠው ያስታውሳል፣ ገዢዋ የሚስቱ ዘመድ ነች። ሴትዮዋ ጋቢውን የምትለብሰው ለመስቀል ብቻ ነው፤ ከዚያ ታጥፎ ሣጥን ይገባል። አባ አበጋዝ ሣጥን ያሉት ትዝ አለኝ። ልቤ እያወቀ ነበር የሄድኩት፣ ቢሆንም ብቻዬን ማየት አልደፈርኩም። በርናባስን ይዤው ሄድኩ።

መጋዘኑ በር ላይ ተገናኘን። እሱ ግራ እጁን ሰጠኝ፣ እኔ ቀኜን እንደዘረጋሁ ቆየሁ፣ ከዚያ እኔም ግራዬን ሰጠሁት። «ሸበትክ» አለኝ። «አንተም ወፈርክ፤ ዘበኝነት ይስማማል» አልኩት። ስለ አንቺ ጠየቀኝ። የመለስኩለትን አልነግርሽም፣ የሚያስደስት አልነበረም።

ሴትዮዋ ጋቢውን አምጥታ ጭናችን ላይ ዘረጋችው። መጀመሪያው ጫፍ ላይ ቀይዋ ክር አለች፣ ልክ ያየኋት ቦታ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በግራ ጣቶቹ እየዳሰሰ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። መሃል ሲደርስ ቆም አለ። እዚያ ነው የኔ እጅ የተቀበለው፤ ለዓይን ምንም አይለይም፣ ለእሱ ጣት ግን ወንዝ ነው። ጫፉ ላይ ደረሰ። ቀይ የለም። «ይሄ የኤርጫፎ እጅ ነው። ስትጨርስ ማጉን መምታት ይሰለችሃል፤ ዛሬም ላላ ብሏል» አለ። ዓይኑን አልገለጠም። ማወቅ ምን እንደሆነ ያኔ ነው ያየሁት፣ አገኘሽ። ቢሳሳት ኖሮ ጣቱ ይነግረው ነበር። እኔ ግን ብሳሳትም ባልሳሳትም ያው ነበር የምናገረው። በርናባስ ወንዙ ውስጥ ቀርቶ ቢሆን ኖሮም ያ ጋቢ ካምባ ገበያ ይወጣ ነበር፣ እኔም ዱቡሻ ላይ ወጥቼ አለ እላችሁ ነበር፣ አንቺም ለሞተ ሰው ትቀመጪ ነበር። እውነት የሆነው በእኔ አይደለም። አጋጣሚ ገጠመልኝ።

ለአባ አበጋዝ ነገርኳቸው። ከአጠገባቸው አልቀመጥም አልኳቸው። ሥራዬ የት እንደላላ በርናባስ እንደነገረኝም አልደበቅኩም። ሰሙኝና «የመስቀል ሰሞን ዱቡሻ ላይ ይህንኑ ትናገራለህ። ጎሜው ካለ እዚያ ነው የሚታጠበው» አሉኝ። እናገራለሁ። ሰው ይስቅ ይሆናል። ለእኔ ሰው መሳቁ ብርቅ አይደለም፣ ያኔ ግን የማስቀው እኔ አልሆንም።

ይህ ሁሉ ላንቺ ምን ይጠቅምሻል? ፈቃደ ሳውላ ነው። ክዳኑን ልሥራልሽ ብል እኔ ሸማኔ ነኝ፣ እንጨት አላውቅም። እዚህ ላይ ቀልድ ሊመጣልኝ ነበር፣ አባረርኩት።

ድፍረቱ አልመጣም። የሚመጣም አይመስለኝም፤ ሳይመጣ ልመልስ።

የጠየቅሽኝ «ዱቡሻ ላይ አየሁ ያልከውን ሁለተኛ ጫፍ በእርግጥ አይተኸው ነበር?» ነው።

ካምባ ገበያ ያቺ ሴት ድንች ስትመርጥ አንዱ ጫፍ ትከሻዋ ላይ ነበር፣ ሌላው በብብቷ ሥር ተጠቅልሏል። ያ እኔ የጨረስኩት ቢሆንስ የሚል ሐሳብ እዚያው ቆሜ መጣብኝ። እንደ ዝንብ እሽ አልኩት። «እቴ፣ ጫፉን አሳዪኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ገበያ ነው፣ ሰው የሰው ጋቢ ይነካል፣ ማንም አይቆጣም። እጄን ዘርግቼ ነበር። በርናባስ እንዲኖር ፈለግሁ፣ አየሁ ብዬ የምናገረውም ሰው እኔ እንድሆን ፈለግሁ፣ እጄን መለስኩት። አባ አበጋዝ ሲጠይቁኝ ሜዳው ጸጥ አለ ብዬሽ ነበር፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ አላውቅም ማለት እችል ነበር። አንቺም አስቀድመሽ ለምነሽኝ ነበር።

ሌላው ሁሉ እንደ ነገርኩሽ ነው። ሁለተኛውን ጫፍ ግን አላየሁትም። እዚያ ላይ ቀይ ክር ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ በአፌ።

ኤርጫፎ